ያለ ማህተም የቀሩት አርባ ሦስት ደብዳቤዎች

ሳጅን ተድላ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ ጫማውን ቢወለውል ቢወለውል በማይረካው ንጽሕናውና አንዴ የጠረጠረውን ሰው በማይለቅ ግትርነቱ። ሌባ የያዘበትን ቀን የሚያስታውስ ባይኖርም፣ ሰው የያዘበት ቀን ግን ብዙ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ አንድ ሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ቀበሌ ተጠራ። በዚያ ሰሞን የሰው ሁሉ ወሬ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ነበር። ተማሪው ሰልፍ ወጥቷል፣ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ሳጅን የተጠራው ግን ለሰልፍ አልነበረም። የቀበሌው ክብ ማህተም ጠፍቶ ነው።

«ጠዋት ነበር፤ ከምሳ ስንመለስ የለም!» አሉ ሊቀ መንበሩ አቶ ካሣዬ። «እነዚህ ደብዳቤዎች እኮ ዛሬ መውጣት ነበረባቸው!»

ጠረጴዛቸው ላይ አርባ ሦስት ደብዳቤ ተቆልሏል። ለአርባ ሦስት ገበሬዎች፣ መሬታችሁ ለልማት ስለሚፈለግ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ልቀቁ የሚል ነው። ፊርማ አለው፣ ማህተም የለውም። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ በአገራችን የስኳር መጠቅለያ ነው።

ሳጅን ማህተሙ ይቀመጥበት የነበረውን የብረት ሣጥን አየ። ቁልፉ አልተሰበረም። «ሌባው ረቂቅ ነው» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ቀጥሎ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን ወይዘሮ ድንቅቱን አነጋገረ። ከወላይታ መጥታ እዚህ ቢሮ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች፣ ቢገድሏት የማትዋሽ የጌታ ሰው ናት። አንገቷ ላይ ጥቁር ክር ሲያይ ሳቀ።

«ጴንጤ ሆነሽ ማተብ?»

«ማተብ አይደለም ሳጅን፣ የሣጥኑ ቁልፍ ነው።»

«ጎሽ! ጥንቃቄ እንዲህ ነው። ለመሆኑ ማህተሙን ማን የወሰደው ይመስልሻል?»

«ደብዳቤዎቹ እንዳይወጡ የፈለገ ሰው ነዋ።»

ሳጅን በመልሷ ተደሰተ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ብዙ መድከም አላስፈለገውም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ኦቦ ሆርዶፋ፣ ከአርባ ሦስቱ ገበሬዎች አንዱ፣ በእሑዱ ስብሰባ ላይ ብድግ ብለው «ማህተማችሁን ውሃ ይብላው!» ብለው ነበር። ይኸው በማግስቱ ውሃ በላው።

ማክሰኞ ማለዳ ሲሄድባቸው አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራዩ አገኛቸው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ሆርዶፋ?»

«ነጋ፣ ገለተ ዋቃ፤ እግዜር ይመስገን። ና ልጄ፣ ጥላው ሥር ተቀመጥ።»

«መቀመጡ ይቆየኝ። እጅዎን ያሳዩኝ።»

የአውራ ጣታቸው ጫፍ ሐምራዊ ነበር። ሳጅን የሹመት ደብዳቤው ከሩቅ ታየው።

«ይሄማ አቤቱታ የፈረምኩበት ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ይህንን ለዳኛ ይነግራሉ» አለና ካቴናውን አወጣ።

ሐሙስ ዕለት ችሎቱ በሰው ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ካሣዬና ወይዘሮ ድንቅቱም ከቀበሌው መጥተው ተቀምጠዋል። ሳጅን የሐምራዊውን ጣት ነገር ደረቱን ነፍቶ አስረዳ። ዳኛ ራዲያ መነጽራቸውን ወደ ታች ዝቅ አድርገው ሕዝቡን ተመለከቱ።

«እዚህ ውስጥ አውራ ጣቱ ቀለም የነካው ሌላ ሰው አለ?»

ከኋላ ወንበር እስከ በሩ ድረስ ጣት በጣት ሆነ።

«ግብረ አበሮች ናቸው» አለ ሳጅን። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛዋም ሳቃቸውን በመዝገብ ሸፈኑ።

ሳቁ ግን አልቆየም። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ኦቦ ሆርዶፋን የመሰለ ሰው በቢሮው በር ሲያልፍ አየሁ ብሎ መሰከረ።

«እኔ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ተፍኪ ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው። «ቀበሌው ራሱ ነው የድንበር ጠብ አስታርቅ ብሎ የላከኝ። ቃለ ጉባኤው መዝገብ ቤት አለ።»

«እንግዲያው ግልባጩ በቀበሌው ማህተም ተረጋግጦ ይቅረብልኝ» አሉ ዳኛዋ። «ካልቀረበ ግን ማረሚያ ቤት ሆነው ይከራከራሉ።»

«ማህተም ሰረቅህ ተብዬ ታስሬ፣ አልሰረቅኩም ለማለት ማህተም አምጣ እባላለሁ?»

«ሥርዓቱ ነው አባቴ» አሉ ዳኛዋ ቀና ብለው ሳያዩአቸው።

በዚያ ሰሞን የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ሚስታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ሳጅን ተድላ ካቴናው የያዘውን የሽማግሌውን እጅ አየ፤ የጤፍ ገለባ እንኳ ገና አልለቀቀውም። በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የያዘውን ሰው ካቴና ራሱ አላላ።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ድንቅቱ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ክብርት ዳኛ፣ ግማሽ ሰዓት ይሰጠኝና ግልባጩን እኔ ላምጣው።»

ተፈቀደላት። ምስኪን፣ ወረቀቱን ይዛ ብትመጣስ ምን ሊረባ፣ አለ ሳጅን በልቡ። ያም ሆኖ ለእሷ ባጃጅ የጠራላት እሱ ራሱ ነው።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እያለከለከች ተመለሰች። አቶ ካሣዬ ወዳሉበት አልዞረችም። በኦቦ ሆርዶፋ አጠገብ ስታልፍ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ዳኛዋ ፊት አኖረችው።

«በጥንቃቄ ይያዙት» አለች።

ዳኛ ራዲያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ከግርጌው ያለው የቀበሌው ክብ ማህተም ገና አልደረቀም ነበር።