የሥራነሽ ሚዛን

መምህርት ሥራነሽ ጉልበቷ ክብደቷን መሸከም አቅቶት ደብረ ማርቆስ እቤቷ ከዋለች ዓመት ሊሞላት ነው። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ሊያሳንስላት ቀጠሮ ቢሰጣትም፣ «እስከዚያ ስድስት ኪሎ ካልቀነሱ አይሆንም» ብሏታል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቀጭን ሾርባ በቀር በአፏ የዞረ ነገር የለም። ቀሚሷ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ሚዛኑ ግን በየጠዋቱ ይጨምራል።

በመሄጃዋ ዋዜማ ታናሽ እህቷ ማርያማዊት ቁጥሩን ልታነብላት ጎንበስ አለች።

«መቶ አርባ አንድ። እታለም፣ ተደብቀሽ ምን እየበላሽ ነው?»

«እመቤቴን! ምንም አልቀመስሁም።»

«እስቲ ውረጂና እንደገና ውጪበት።»

ሥራነሽ ወረደች። ቁጥሩ መቶ አርባ አንድ ላይ እንደቆመ ነው።

«ተበላሽቶ ነዋ!» አለች፤ ስንት ቀን የጠቆረ ፊቷ ፈካ አለ። «ይኼ ነው ለካ ሲያስለቅሰኝ የከረመው!»

ማርያማዊትም እየሳቀች፣ አውጥታ ልትጥለው ሚዛኑን በአንድ እጇ ያዘችው። አልነሳ አላት። በሁለት እጇ ሞከረች። ሥራነሽ እንደምንም ተንበርክካ አገዘቻት፤ ሁለቱም እስኪያልባቸው ሳቡት።

ሚዛኑ ከወለሉ ንቅንቅ አላለም። ቁጥሩ ብቻ፣ እያዩት፣ መቶ አርባ ሁለት ሆነ።