ኃይለኛው ማግኔት

አብዮቱ ጊታር ለሚመታ ጎረምሳ ምሕረት ነበረው፤ ጊታሩ እስከጮኸ ድረስ ብቻ። የቀነዓ ጊታር ደግሞ ድምፁ ተዘጋ። ለአብዮቱ በዓል ካልተጫወተ ከቀበሌው ኪነት ቡድን ተባርሮ ወደ ጦር ማሠልጠኛ እንደሚጫን ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ ነግሮታል።

ናዝሬት ለገሃር አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግኑት ጋሽ ራህመቶ ከጊታሩ ክሮች ሥር የሚገጠሙ ሁለት ድምፅ ተቀባይ ማግኔቶች አወጡ።

«ይሄኛው ጥርት ያለ ነው፤ ግን ደካማ ነው። ያኛው ኃይለኛ ነው፤ ግን አጠገቡ የሚወራውንም ይሰማል።»

«ኃይለኛውን ይግጠሙልኝ፣ ጋሼ። አደባባዩን ካላንቀጠቀጥኩት አለቀልኝ።»

ተገጠመ፤ ጊታሩም በገመድ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተያያዘ። ቀነዓ ወደ ክሮቹ ጎንበስ ብሎ «አልዘምትም» አለ። ድምፅ ማጉያውም «አልዘምትም» ሲል አስተጋባ።

«አፍህን ያዝ፣ ልጄ» ብለው ሳቁ ራህመቶ። «ይሄ እንደ ቀበሌያችን ነው፤ ሁሉን ይሰማል።»

ቀነዓ አፉን ዘጋ፤ ክሮቹንም በመዳፉ አፈነ። ከማጉያው ግን የከባድ መኪና ሞተር ተሰማ፤ ከዚያም ስም የሚጠራ ጎርናና ድምፅ። ውጭ መንገዱ ላይ መኪና አልነበረም። ራህመቶ ሳቃቸውን አቋርጠው የማጉያውን ሶኬት ከግድግዳው ነቀሉ፤ ገመዱ በእጃቸው ሆኖም ድምፁ አልቆመም።

«ቀነዓ ገመቹ» አለ ጎርናናው ድምፅ።

ቀነዓ ከንፈሩን ነከሰ።

«አቤት» አለ ከማጉያው የራሱ የቀነዓ ድምፅ።