ግማሽ ኪሎ

«ይሄም ከበደ» ይላል የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ድብልብሉን ሊጥ ከሚዛኑ ሰሃን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ እየወረወረ። «አሁንም ከበደ። እጅሽ አይሰማም እንዴ?»

ሊጥ ቆራጯ ሌላ ትቆርጣለች፣ ታድበለብላለች፣ ሰሃኑ ላይ ታኖራለች። ሊጡ ዝቅ፣ ማዶ ያለችው ትንሿ የሚዛን ብረት ከፍ። አሥራ አራት ዓመት ሚዛን ሳያይ የቆረጠ እጅ ነው። ዓይኗን ጨፍና ብትቆርጥ እንኳ አንዱ ዳቦ ከሌላው አይበልጥም ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ ለእንግዳ ሲያሳያት «የኔ ሚዛን እሷ ናት» ይል ነበር። ያ ሙያዋ ዛሬ ጥፋቷ ሆኗል።

ዳቦው ዘንድሮ ብቻ ሲያንስ ይሄ ሦስተኛው ነው። ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «በእኛ ቤት ዋጋ አልጨመረም» ተብሎ ተጽፏል፤ ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይወለውለዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«በሚቀጥለው ወር ክኒን ነው የምንጋግረው» ይላል ጋጋሪው ከምድጃው አፍ። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ።»

«አንተ ምድጃህን ጠብቅ!» ባለቤቱ ወደሷ ዞሮ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚያስፈራው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው። «ስሚ፣ ዱቄት እጥፍ ገብቷል። እኔስ ከየት ላምጣ? ይቺን አንድ ትሪ ሥሪልኝ። ከውስጧ አንድ ከባድ ካገኘሁ ነገ እንዳትመጪ።»

«እሺ ጋሼ።»

የዱቄቱ መወደድ እውነት ነው፤ እሷም አትክደውም። የሷም ዘይት ተወዷል፣ የሷም ሳሙና፣ የሷም የቤት ኪራይ። እሱ ኑሮ ሲከብደው ከዳቦው ላይ ቆርጦ ለወረፋተኛው ያሳልፈዋል። እሷ ለማን ታሳልፈው? ከሷ በታች ያሉት ሦስት ልጆቿ ብቻ ናቸው። ይሄን ስታስብ ደሟ ይፈላል፤ ግን ነገ እንዳትመጪ የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ አለና ጥርሷን ነክሳ ትቆርጣለች።

ሰፈር ስትገባ የምትሰደበውም እሷ ናት። ትናንት ጎረቤቷ በር ላይ አስቁማት፣ «እናንተ ደግሞ አየር ነፍታችሁ መሸጥ ጀመራችሁ?» አለቻት። የቆረጠችው እሷው ናት።

ትሪው ይሞላል። ባለቤቱ አንድ በአንድ እያነሳ ይመዝናል። የመጀመሪያው ልክ ነው። አምስተኛው ልክ ነው። እስከ መጨረሻው ልክ ነው። «አየሽ? እጅሽ ሲፈልግ ይችላል» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ይሄዳል።

ሥራዋ ተረፈ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ዱቄት የለበሰ እጇን ገልብጣ ታየዋለች፤ ለምዷል። አሥራ አራት ዓመት ያመነችው እጅ በአንድ ከሰዓት ለምዶ አረፈው። እንደዛሬ በእጇ ተናዳ አታውቅም።

ልብሷን ቀይራ ስትወጣ ሻጯ የዕለት ድርሻዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጣታለች። አራት ዳቦ፤ ከደመወዟ ጋር የተቆረጠላት ነው። የተቀጠረች ቀን ባለቤቱ አራት ዳቦ ሚዛን ላይ ደርድሮ፣ ማዶ የግማሽ ኪሎዋን ብረት አስቀምጦ፣ «በቀን ግማሽ ኪሎ ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ የሠራተኛዬ ልጆች አይራቡም» ብሏት ነበር። ያኔ ጥቅሉን በሁለት እጇ ነበር የምታቅፈው። አሁን በአንድ መዳፏ ይያዛል።

እዚያው ቆማ ትቀራለች። ለካ በእጇ የቆረጠችው የሰውን ዳቦ ብቻ አይደለም።

ወደ ጓዳ ትመለሳለች። ሚዛኑን አቅፋ ታመጣና መሸጫው ባንኮኒ ላይ፣ ወረፋተኛው ፊት ታስቀምጠዋለች። ከዚያ የግማሽ ኪሎዋን ብረት ከመደርደሪያ አውርዳ፣ የዱቄት አቧራዋን በቀሚሷ ጠርጋ፣ አንዱ ሰሃን ላይ ታኖራለች። ሌላው ላይ አራት ዳቦዋን ትደረድራለች። ብረቷ ንቅንቅ አትልም።

«ጨምሪልኝ» ትላለች ሻጯን። ልጅቷ ግራ ገብቷት አንድ ታቀብላታለች። አምስት። ስድስት።

ባለቤቱ ከውስጥ እየሮጠ ይደርሳል። «ምን እየሠራሽ ነው አንቺ?»

«ደመወዜን እየመዘንኩ ነው ጋሼ።» ሰባተኛውን ራሷ አንስታ ትጨምራለች። የዳቦው ሰሃን ቀስ ብሎ ወርዶ ከብረቷ እኩል ይቆማል። «ያን ቀን እርስዎ እንደመዘኑልኝ።»

«ሰው እያየ ነው» ይላል፣ ያንኑ ዝቅተኛ ድምፁን አውጥቶ። «ግቢና እንነጋገር።»

«እነሱም ይዩ።»

ነገ ሥራ እንደሌላት ታውቃለች። ሰባቱን ዳቦ በጋዜጣው ጠቅልላ ብብቷ ሥር ትከታለች፤ ቀና ብሎ የሚከለክላት የለም።

ከወረፋው ፊት የነበሩት ጡረተኛ አሁን የገዙትን አራት ዳቦ በፌስታል ይዘው ወደ በሩ እያሉ ነበር። መንገዳቸውን ትተው ይመለሱና ዳቦዎቹን አንድ በአንድ ባዶው ሰሃን ላይ ያስቀምጣሉ።

«የኔንም መዝኚልኝ፣ ልጄ።»

ከኋላቸው የፌስታል መንኮሻኮሽ ይሰማል፤ አንዱ ይፈታል፣ ሌላውም። ብረቷ ከታች ነች፣ ንቅንቅ አላለችም።