የዲንሾ ጎረቤቶች

የደጋ አጋዘን ሊያጠና ከውጭ አገር የተመለሰው ሰው፣ ዲንሾ ጫካ ዳር ባቆመው፣ አልጋና ምድጃ ባለው መኪና ውስጥ ከሚስቱ ጋር ከረመ። አጋዘኖቹ በየማለዳው መስኮቱ ስር ይግጣሉ፤ እሱን ግን «ምን ልሁን ብዬ መጣሁ?» የሚለው ሐሳብ አድክሞታል።

«እኔስ ጎማ ላይ አልወልድም፤ ከተማ ውሰደኝ» አለች ሚስቱ፣ የገፋ ሆዷን ደግፋ።

ለክርክር አቅም አልነበረውም፤ መሪውን ያዘ። እሷ ጎማው ስር የተወሸቀውን ድንጋይ በእግሯ ልትገፋ ወርዳ፣ ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«እንዳታስነሳው።»

«ደግሞ ምን ተገኘ?»

«አንዷ አጋዘን እዚህ ስር ወልዳለች። ግልገሉ ገና እርጥብ ነው።»

«ክላክስ ላድርግና ይዛው ትሂድ።»

«አንተ ሰው፣ አራስ ይባረራል እንዴ?»

ተመልሳ ገባች። ጫማዋን አውልቃ አጥሚት ጣደች።