የተሰረዘው ማደሪያ

ያኮቭ ማደሪያውን ሰረዘው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲጭረው አያለሁ። ማንበብ ብዙ አልችልም፤ የተሰረዘ ግን አውቃለሁ።

የሚጽፈው የበዓሉን ጉዞ ወጪ ነው። ዮርዳኖስ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ፣ ሁለት ሌሊት፣ መላው ቤተሰብ።

ዳቦዬን ማር አጠቅሳለሁ። «ለምን ሰረዝኸው?»

«ውድ ነው፣ አባ። የወር ደሞዜን ሩብ ነው የጠየቁኝ።»

«የት ልናድር ነው ታዲያ?»

ልጄ እናቱን ያያል። ማናለሽ ምስር ትለቅማለች፤ ቀና አትልም። መስኮቱ ክፍት ነው። ከታች አውቶቡስ ቆሞ ያጓራል።

«ጥላዬ ቤት» ይላል ያኮቭ። «ከወንዙ ዳር ነው የሚኖር። በነጻ።»

እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከገባን ሃያ አምስት ዓመታችን ነው። ይህ ስም በዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም።

ጥላዬ የሚስቴ ወንድም ነው። ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ከመንደራችን ወጥተን ወደ ጎንደር ስንሄድ በቅሎ የነበረው እሱ ብቻ ነው። የእናቴ እግር አብጧል። «መስፉን አውርድና አሮጊቷን ጫን» አልሁት። መስፍ ብረት የሚቀጠቀጥበት ከባድ ብረት ነው። «መስፌ እንጀራዬ ነው» አለኝ። በቅሎዋ ብረት ተሸክማ ሄደች፣ እናቴ በእግሯ። ሁለተኛው ወንዝ ሳንደርስ ቀበርናት። ቄስ አልነበረም። ያንን መስፍ አዲስ አበባ ላይ ለቁራሌው ሸጠው።

በእኛ አገር የሰውን እህል የበላ ያን ሰው አይበቀልም። እህሉ ይይዘዋል። ስለዚህ የሱን አልቀምስም። ሰርግ ላይ ማን እንደጋገረ እጠይቃለሁ። ለቅሶ ቤት ውሃውን ማን እንደቀዳው አያለሁ። ቂሜን እንዲህ ንጹሕ አድርጌ ነው የያዝሁት።

«ማደሪያውን መልሰህ ጻፈው» እለዋለሁ።

«አባ፣ ገንዘቡ አለቀ። አውቶቡስ አለ፣ ለልጆቹ ጀልባ አለ። ከየት ላምጣ? ኦርታል ልጄ ባሕር እንጂ ወንዝ አይታ አታውቅም።»

«ወንዙ ዳር እንተኛ። አገር ቤት ማን አስከፍሎን ያውቃል?»

ያኮቭ ይስቃል። «ጎንደር መሰለህ? ፖሊስ ነው የሚቀሰቅስህ።»

«አንተ» ይለኛል። እዚህ ያደገ ልጅ አንቱታ አያውቅም። እናቱ ታውቃለች።

«አንቱ ካልፈለጉ ይቅሩ» ትላለች ማናለሽ፣ ምስሩን እያየች። «እኛ እንሄዳለን።»

 ዳቦ እቆርሳለሁ፤ አጠቅሳለሁ። ከዚያ ድንገት ይታየኛል። ጥላዬ በግ አርዷል፤ ጎረቤቱን ጠርቷል። እኔ ከማዕዱ ራስ ተቀምጫለሁ። አማች ነኝና የሚያጎርሰኝ እሱ ነው። ጉርሻውን ጠቅልሎ እጁን ሲዘረጋ ከኪሴ ቆሎ አውጥቼ እቆረጥማለሁ። እጁ እንደተዘረጋ ይቀራል። ወጡ በክርኑ ይወርዳል። ልጆቹ ምን ሆኖ ነው ይሉታል። ያኔ የእናቴን ስም በገዛ አፉ ይጠራል።

«ይሁን» እላለሁ። «እሱ ቤት እናድራለን።»

የማናለሽ እጅ ምስሩ ላይ ይቆማል።

«ለኔ ምግብ አታስብ» እለዋለሁ ልጄን። «ቆሎዬን ይዤ እሄዳለሁ። ውሃም ከአውቶቡስ ጣቢያው እቀዳለሁ። ከዚያ ቤት ጠብታ በአፌ አይገባም።»

«ባዶ ልጻፍ?»

«ባዶ ጻፍ።»

ይጽፋል። ትንሽ ክብ ናት። ደስ ትለኛለች።

ማናለሽ የምስሩን ሰፌድ ገፋ ታደርገዋለች። ቀና ስትል ዐይኗ ደረቅ ነው።

«ያ ማር ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

«ከገበያ። አንቺ አይደለሽ የምታመጪው?»

«የማመጣውስ ከገበያ ነው። እዚያ የምታቀብለኝ ግን አገኘሽ ናት፣ የጥላዬ ልጅ። ወንድሜ ብረቱን ትቶ ንብ ይዟል።» የማሩን ብርጭቆ በአንድ ጣቷ ወደ እኔ ትገፋዋለች። «ካምና ፋሲካ ጀምሮ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ጣትዎን እየላሱ።»

«ኢማ!» ይላል ያኮቭ። እናቱን የሚጠራት በዕብራይስጥ ነው።

«እናትዎን አጥቤ የገነዝሁ እኔ ነኝ» ትለኛለች። ድምጿ ከፍ አላለም። «አልቅሼላታለሁ። ወንድሜን ግን በቁሙ አስቀበሩኝ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጥሁም። ቂም የሚያውቁ አንቱ ብቻ ነዎት?»

ዳቦው ገና አፌ ውስጥ ነው። እሱን መትፋት እችላለሁ። ያምናውን ግን ከየት አምጥቼ እተፋዋለሁ? እያየችኝ ነው። አስተያየቷን አውቀዋለሁ። ጥላዬን ከማዕዱ ራስ ሆኜ ላየው ያሰብሁት እንዲህ ነበር።

እውጠዋለሁ።

ተነስቼ ወደ ቧንቧው እሄዳለሁ። አገር ቤት የማይነካ ነገር የነካ ሰው ወንዝ ወርዶ፣ ገላውን ሁሉ ነክሮ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባ። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ። ከኋላዬ እስክሪብቶው እንደገና ይጭራል።

«አባ፣ ምግብህን መልሼ ልጻፈው?»

 ጣቴን አሸዋለሁ፤ ደግሜ አሸዋለሁ። ማር በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም።