የሕመሙ ምልክቶች

ምናሴ የእህቱን ሕመም ምልክቶች ሐኪሙ እንደነገረው በቃሉ ይዟቸዋል። መጀመሪያ እንቅልፍ ታጣለች፤ ከዚያ ወሬዋ ይፈጥናል፤ ከዚያ ሰው ትጠረጥራለች። በመጨረሻም ትወድቅና ወራት ሙሉ ከአልጋ አትነሳም። ስለዚህ ባሏ ዘሪሁን "ሦስት ቀን አልተኛችም" ብሎ ሲደውልለት፣ በማግስቱ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ከተፍ አለ።

ፍሬገነት በር ላይ ጠበቀችው።

"ወንድም ጋሼ፣ አላመመኝም። መድኃኒቴንም አላቋረጥኩም። ዘሪሁን ሌላ ሴት ይዟል፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው" አለችው፣ ቃላቱ እየተደራረቡባት።

ሦስቱንም ምልክት አየ።

"እሺ ፍሬ፣ ይህንኑ ለሐኪሙ ትነግሪዋለሽ" አላት።

ሆስፒታል ደርሰው እጁን መንጭቃ ልትሮጥ ስትል፣ ጥፍንግ አድርጎ የያዛት እሱ ራሱ ነው። የሚያረጋጋ መርፌ ሲወጓት "አንተ እንኳ እመነኝ" ትለው ነበር።

"ሕመሙ ነው የሚያናግራት" አለ ለነርሷ።

አመሻሽ ላይ የምትለብሰውን ሊወስድላት ወደ ቤቷ ተመለሰ። በሩን የከፈተችለት አይቷት የማያውቃት ሴት ናት። ባለፈው ፍሬገነት ሆስፒታል ስትተኛ ምናሴ ራሱ የገዛላትን ቢጃማ ለብሳለች።

"ዘሪሁን ገላውን እየታጠበ ነው" አለችው በትሕትና። "ማን ልበል?"