ያበጠው በር

ዝናቡ በገባ ማግስት የሽማግሌው አናጺ በር አብጦ አልከፈት አለ። አምና እንዲህ ሲሆንበት «እሰየው!» ብሎ ቤቱን ዘግቶ፣ ከግድግዳው ጋር ሲያወራ ነበር የከረመው። ዘንድሮ ግን በትከሻው ገፍቶ ከፈተው። ከማጠፊያው ነቀለና ተሸክሞ ወስዶ፣ በጎረቤቱ በነርሷ ደጅ ላይ በጎኑ አቆመው።

«እስቲ ያዥልኝ፣ ልጄ» አላት።

«ዕድሜዎን ሙሉ በር ሲልጉ ማን ይዞልዎት ነው፣ ጋሼ?»

«ዘንድሮ ብቻዬን አልችልም።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ያዘችለት። መላጊያው የእንጨቱን ፍቅፋቂ እየጠቀለለ እግሯ ላይ ጣለው። ያበጠው ሁሉ ተልጎ አለቀ፤ አናጺው ግን አላቆመም።

«ኧረ ይበቃል! ከዚህ በላይ ከላጉት አይገጥምም፤ ብርድ ያስገባል።»

«ለብርዱ ብርድ ልብስ አለኝ» አለ፣ ጠርዙን አንዴ ደግሞ እየላገ። «አንቺ ብቻ ሳታንኳኪ ግቢ።»